የያቤጽ ምስክርነት

በያቤጽ የአንጎል ዕጢ ውስጥ ባክቴሪያ መታየቱን ሰበታ ከተማ የሰማችው ከቤተ ክርስቲያን መድረክ ነው። ላቦራቶሪው ገና በጽሑፍ አላሰፈረውም ነበር፤ በዓይኗ ያየችውም አንዲት ተማሪ ብቻ ነበረች።

ተማሪዋ ጂቱ ዲሪርሳ ትባላለች። የቡራዩ ልጅ ናት። ሁለተኛ ዲግሪዋን በማይክሮባዮሎጂ ለመጨረስ አንድ መንፈቅ ቀርቷታል። በየማለዳው ከቡራዩ ዊንጌት፣ ከዊንጌት ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ደግሞ ሰበታ እየተሳፈረች ከከተማዋ ጫፍ ወዳለው የምርምር ላቦራቶሪ ትሄዳለች። ሥራዋ ከሆስፒታል የሚላኩ የአንጎል ዕጢ ቁራጮችን በስሱ መቁረጥ፣ ባክቴሪያን ብቻ ፈልጎ የሚጣበቅ አብሪ ቀለም መቀባት፣ ከዚያም በማይክሮስኮፕ መመልከት ነው። አንጎል ዙሪያው ታጥሮ የተቀመጠ፣ ተሕዋስያን ዝር የማይሉበት ስፍራ ነው ተብሎ ብዙ ዘመን ኖሯል። በቅርብ ጊዜ ግን በዕጢዎች ውስጥ የባክቴሪያ ምልክት አየን የሚሉ ተመራማሪዎች ተነሥተዋል። እውነት ይሁን አይሁን ለማየት ጂቱም ሃያ ስድስት ቁራጭ ተሰጣት።

ሥራው ተስማምቷታል። ትንፋሽ በራሱ ባክቴሪያ ስለሚያመጣ በሥራ ሰዓት መናገር ክልክል ነው፤ ለሌሎቹ ሕግ የነበረው ለእሷ ዕረፍት ሆነላት። ጓንት በጓንት ላይ ደርባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ምንም ያልተጨመረበት ባዶ ብልቃጥ ከእያንዳንዱ ናሙና ጎን እያስኬደች ወራት አለፉ። ባዶው ብልቃጥ ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ በናሙናው ውስጥ የታየው ከእጇ ወይም ከአየሩ የመጣ ላለመሆኑ አንድ ማስረጃ ነው።

ከሃያ ስድስቱ በዘጠኙ ውስጥ ብርሃን ታየ። ከሁሉ የጠራው ዐሥራ አራት ቁጥር ነበር። በዕጢው ሕዋሳት ውስጥ፣ ልክ እንደ በርበሬ ብናኝ፣ ቀያይ ነጥቦች እዚህም እዚያም ተበትነዋል። ባዶውን ብልቃጥ አየች፤ ጨለማ ነው። ደግማ ቀባች፤ ደግማ አየች። ከዚያ አማካሪዋን ዶክተር ሐምዱን ጠራች።

ዶክተር ሐምዱ ለረጅም ጊዜ ከማይክሮስኮፑ ቀና አላሉም።

«ማየት ሌላ፣ ማወቅ ሌላ ነው» አሏት በመጨረሻ። «አጥሩ ሲፈርስ ዘው ብለው የገቡ ይሁኑ፣ አጥሩን ራሳቸው ያፈረሱ ይሁኑ፣ ወይ ሞተው የቀሩ ስብርባሪዎች ይሁኑ አናውቅም። ለታካሚ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ።»

ጂቱ በሕይወቷ ከተሰጧት ትእዛዞች ሁሉ ይህን ያህል ቀላል አላጋጠማትም።

ዐሥራ አራት ቁጥር ያቤጽ ነው። የወላይታ ሰው ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሰበታ ውስጥ በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ የጀሪካን ማሽን ያንቀሳቅስ ነበር። ሥራ ላይ እያለ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ ተመረመረ፤ የአንጎል ካንሰር ነው ተባለ። ዕጢውን በቀዶ ሕክምና አወጡለት፤ ሙሉ በሙሉ ግን ማውጣት አልተቻለም። ለቀረው የጨረር ሕክምና ታዘዘለትና ወረፋ ይዞ አምስት ወር ጠበቀ።

የዕጢው ባክቴሪያ ከአፍ የመጣ ይሆን እንደሆነ ለማወቅ የታካሚዎቹ ምራቅ ያስፈልግ ነበር። ጂቱ ለክትትል በመጣበት ቀን በሆስፒታሉ መተላለፊያ አገኘችውና ትንሿን ብልቃጥ ሰጠችው። ያቤጽ ብልቃጡን እያገላበጠ ተመለከተው።

«ምራቄን ምን ልታደርጊበት ነው እህቴ?»

«ለማወዳደር።»

«ከምን ጋር?»

የሚባል ነገር ነበር። «ለጥናት ነው» ብሎ ማለፍም ይቻል ነበር። ነገር ግን የማይናገር ሰው መዋሸትንም አይለምድምና፣ ጂቱ ፊቷ ቀልቶ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «ዕጢዎ ውስጥ ባክቴሪያ ታይቷል» አለች። ብልቃጡን ተቀብላ ሄደች።

ፋብሪካው አጠገብ ያለች ክሊኒክ ውስጥ «ባክቴሪያ ነው» የሚባል ሰው ደስ ብሎት ነው የሚወጣው። እንክብሉን ይውጣል፤ በሳምንቱ ፈረቃው ላይ ይቆማል። ያቤጽም ደስ ብሎት ወጣ።

በሦስተኛው ሳምንት ዐርብ ማታ ላይ፣ ጂቱ ዊንጌት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ ስልኳ ጠራ። ቁጥሯ ታካሚዎች በሚፈርሙት የስምምነት ወረቀት ግርጌ ላይ «ጥያቄ ካለዎት» ከሚለው ሥር ተጽፏል። እስከዚያ ቀን የደወለ ሰው አልነበረም።

«ዶክተር ጂቱ ነሽ?»

«ጂቱ ነኝ። ዶክተር አይደለሁም።»

«እሺ ዶክተርዬ። ቦሰና ነኝ፣ የያቤጽ ባለቤት። እኔ ምልሽ፣ ያ የባክቴሪያው እንክብል ስንት ቀን ነው የሚወሰደው?»

«የምን እንክብል?»

«አሞክሳሲሊን ነዋ! ፋርማሲው ሰባት ቀን ይበቃል አለ። እኛ ደግሞ የጭንቅላት አይደል፣ ዐሥራ አራት ይሁን አልን። ሊያልቅ ነው። ሰሞኑን ቀለል ብሎት ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ራስ ምታቱ ተመለሰበት። ጠንከር ያለ ይኖር ይሆን?»

ጂቱ ከሰልፉ ወጣች።

«ጨረሩስ?»

«ማክሰኞ ግባ ብለው ደወሉለት። ‹ተፈውሻለሁ፣ ለሌላ ሰው ስጡልኝ› አላቸው። እኔ ተደብቄ መልሼ ደወልኩና እባካችሁ ትንሽ ጠብቁን አልኳቸው። እስከ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው የሚጠብቁት። ከዚያ ወረፋው ለሌላ ነው።» ቦሰና ድምጿን ቀነስ አደረገች። «መስክሯል እኮ። ባለፈው እሑድ። ‹ካንሰር ነው ብለውኝ ነበር፤ ጌታ ወደ ባክቴሪያ ለወጠው› ብሎ። ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። እኔም ቆሜ አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ?»

ቅዳሜ ጠዋት ጂቱ ሱሉልታ ሄደች። ዶክተር ሐምዱ ቅዳሜና እሑድ ስልካቸውን ዘግተው ላሞቻቸው ጋ ነው የሚውሉት። የጎማ ቦት ጫማ አድርገው፣ የወተት ጣሳ በሁለት እጃቸው ይዘው በረት በር ላይ አገኘቻቸው። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ስንት ቃል ነው የነገርሽው?»

ጂቱ በልቧ ቆጠረች። «አራት።»

«አራት! ዓመት ሙሉ በሴሚናር አራት ቃል አውጪልኝ እያልኩ ስለምንሽ ኖሬ፣ ለእሱ ሰጠሽልኝ።» መሳቅ ፈልገው ተዉት። «ዐሥራ አራት ቁጥር ከጥናቱ ይወጣል። ሰኞ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ትጽፊያለሽ። ምርቃትሽ ቢዘገይ እንዳይገርምሽ። ይሄ የወረቀቱ ጉዳይ ነው።»

«ሰውዬውስ?»

«ሆስፒታሉ ነግሮታል፤ አልሰማም። ከአንቺ የሰማውን ከአንቺ ነው የሚያርመው። ሂጂ። ግን ልብ በይ፣ አዲስ ተስፋ እንዳትጨምሪለት። አዲስ ፍርሃትም እንዳትጨምሪለት።»

ከሱሉልታ ሰበታ አዲስ አበባን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። ስትደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ያቤጽ የተከራየበት ግቢ ቀድሞ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ባለቤቱ ኦቦ ኢቲቻ አሁን በሰልፍ የቆሙ አሥር ክፍሎች ሠርተውበታል። በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አከም ጅርታ ኢንተላ ኮ?» አሏት፣ እንዴት ነሽ ልጄ ለማለት።

«ፈያዳ ኦቦ። ያቤጽ እዚህ ነው የሚኖረው?»

«ጴንጤው? አራተኛው በር። ከዳነ ወዲህ መዝሙሩ ጆሯችንን በላው» አሉና፣ ወዲያው ደግሞ ቀስ ብለው፣ «መዳኑ እውነት ነው?» ሲሉ ጠየቋት።

ጂቱ ወደ አራተኛው በር ሄደች።

ያቤጽ እንዳያት ከአልጋው ብድግ አለ። ጸጉሩ በቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ዙሪያ ገና አልሞላም።

«ቦሰና! ማን እንደመጣ ተመልከቺ! ያየችው ራሷ! ጎረቤቶቹን ጥሪያቸው፣ ዓይኗን ይዩት!»

«ጎረቤት አልጠራም» አለች ቦሰና፤ በሩንም ዘጋችው።

ጂቱ የፕላስቲክ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ታክሲ ውስጥ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። የቀራትን ተናገረች።

«ካንሰሩ አልጠፋም። ባክቴሪያው የታየው ካንሰሩ ውስጥ ነው። ምን እንደሚሠራ አላውቅም። እንክብሉ ካንሰሩን አያጠፋውም። ማክሰኞ ጨረሩ ጋ መሄድ አለብዎት።»

ያቤጽ ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አለመቆጣቱ ጂቱን ይበልጥ አስጨነቃት።

«የኔ ማሽን ጀሪካን ነው የሚነፋው» አለ በኋላ። «አንዳንዴ ጀሪካኑ ሲወጣ ትንኝ ተጣብቆበት ይገኛል። ጀሪካኑ ከትንኝ ተሠራ ያለ ሰው ግን አላየሁም። ይኸው እኔ አልኩት።»

«ገባህ ማለት ነው?» አለች ቦሰና።

«ገብቶኛል። ራስ ምታቱ ሲመለስ ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር። ግን መስክሬያለሁ።»

ጂቱ ያልገባት ይህ ነበር፤ ያቤጽም ማሽን ለአዲስ ሠራተኛ እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት አስረዳት። በእነሱ ዘንድ ምስክርነት ለጌታ የተሰጠ ነው። የተሰጠ ደግሞ አይመለስም። ፈውስ የመሰከረ ሰው ሆስፒታል በር ላይ ከታየ፣ ወይ ያኔ ዋሽቷል፣ ወይ አሁን ክዷል። የእሱን ምስክርነት የሰሙት አራት መቶ ሰዎች ናቸው። በዚያው ቀን አራት ሰዎች ወደ መድረክ ወጥተው ጌታን ተቀብለዋል።

«አንዱ የፈረቃ አለቃዬ ነው። አሥር ዓመት ስለምነው የኖርኩ ሰው። ‹አምላክህ አንድ ነገር ያሳየኝና እመጣለሁ› ይለኝ ነበር። አየና መጣ። ማክሰኞ ጨረር ክፍል ብገባ ምን ይላል?»

«እኔስ ምን እላለሁ?» አለች ቦሰና። «ስለ አለቃህ ነፍስ ስትጨነቅ ስለ እኔ የሚጠይቅ ጠፋ? አንተ ስትሞት ነው እሱ የሚጸናው?»

«ቦሱ...»

«ቦሱ አትበለኝ!»

ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ስትመለስ ወንጌላዊ ዮአብን አስከትላ ነበር። ወንጌላዊው በሳምንቱ ቀናት ባጃጅ የሚነዳ ቀጭን ሰው ነው፤ ቁልፉ በጣቱ ላይ ነበር። ነገሩን ከጂቱ አፍ አንድ ጊዜ፣ ከያቤጽ አፍ አንድ ጊዜ ሰማ። ሲሰማ ቁልፉን ማንቀሳቀስ ተወ።

«ወንድም ያቤጽ የሰማውን ነው የመሰከረው» አለ። «የሰማው ደግሞ ከአንቺ ነው። እሱ ቃሉን ሊያጥፍ አይችልም። አንቺ ግን ያንቺን ልታቃኚ ትችያለሽ። ነገ መድረክ ላይ ቆመሽ ትናገሪያለሽ።»

ጂቱ ደነገጠች። «እኔ... እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ።»

«ባክቴሪያዋስ የማን ናት?»

ቦሰና ሳታስበው ሳቀች። ጂቱ ግን አልሳቀችም።

«ሰው ፊት መናገር አልችልም። እውነቴን ነው።»

«ሙሴም እንዲሁ ብሎ ነበር» አለ ወንጌላዊው። «የሰማው የለም።»

እሑድ ጠዋት ለእናቷ ላቦራቶሪ እሄዳለሁ ብላ ከቡራዩ ወጣች። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ወንበሩ ፕላስቲክ፤ ድምፅ ማጉያው ለሜዳ የሚበቃ። ከደቡብ መጥተው ሰበታና ዓለም ገና ፋብሪካ የገቡ ወጣቶች፣ ግንበኞች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች ሞልተውታል። ያቤጽ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ቦሰና አጠገቡ ናት። በሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ወፍራም ሰው ቦሰና አስቀድማ በአገጯ አሳይታታለች፤ የፈረቃ አለቃው ነው።

«እህታችን ከላቦራቶሪ መጥታለች» አለ ወንጌላዊ ዮአብ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ማይክሮፎኑ እጇ ላይ ተቀመጠ። ከጥግ ኪቦርድ የሚመታው ወጣት፣ ምስክርነት ነው ብሎ፣ ለስለስ ያለ ዜማ ከሥር ጀመረላት።

«ስሜ ጂቱ ይባላል።»

«አሜን!»

«የያቤጽን ዕጢ በማይክሮስኮፕ ያየሁት እኔ ነኝ።»

«አሜን! ክብር ለጌታ!»

«በውስጡ ባክቴሪያ አይቻለሁ።»

«ሃሌሉያ!»

«ግን ዕጢው ካንሰር ነው።»

«አሜን!»

ኪቦርዱ ከፍ አለ። ጂቱ ዙሪያዋን ተመለከተች። ያለችው ሁሉ እየተገለበጠ መልካም ዜና ይሆን ነበር። በዚህ ከቀጠለ ያቤጽ ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ጨረሩ ጋ እንደማይገኝ አሰበች።

«እዚህ ላይ አሜን አትበሉ» አለች።

ኪቦርዱ አንድ ድምፅ ላይ ቆየና ጠፋ። ከኋላ ሕፃን ሲነጫነጭ ይሰማ ነበር።

«ካንሰር ነው። ያኔም ካንሰር ነበር። ወደ ባክቴሪያ አልተለወጠም። ባክቴሪያው ውስጡ ነው የተገኘው፤ እንዴት እንደገባ፣ ምን እንደሚያደርግ እኔም አላውቅም፤ አስተማሪዬም አያውቁም። ሳላውቅ ተናገርኩ። መናገር ተከልክዬ ነበር። ያቤጽ አልዋሸም፤ የነገርኩትን ነው የነገራችሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሕክምና አለው። ካልሄደ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ጨርሻለሁ።»

ማይክሮፎኑን የት እንደምታስቀምጠው አላወቀችም፤ ወለሉ ላይ አኖረችው። ማንም አላጨበጨበም። ከመድረኩ ስትወርድ የፈረቃ አለቃው ተነሣ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ በሰዎቹ ጉልበት መካከል በጎን እየሄደ፣ በሩ ጋ ደረሰና ወጣ። ያቤጽ እስኪወጣ ድረስ ዞሮ አየው። ከዚያ ወደ ፊቱ ተመለሰና እጆቹን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ወንጌላዊው ጸሎት ጀመረ።

ጂቱ ጸሎቱ ሳያልቅ ወጣች። የሚሄድ ይሁን አይሁን የጠየቀችው ሰው አልነበረም።

ሰኞ ለኮሚቴው ጻፈች። ቅጹ «የተፈጸመው ጥሰት በዝርዝር» ይላል። አራቱን ቃላት ጻፈችና ቀጥላ ሌላ ሁለት ገጽ ሞላች። ዶክተር ሐምዱ አንብበው ፈረሙበት። «ከሁሉም የጠራው እሱ ነበር» አሉ፤ ለራሳቸው ነበር የተናገሩት። ሃያ አምስት ናሙና ቀራት።

ማክሰኞ ከሁለት ሰዓት በፊት ሆስፒታሉ ደረሰች። ጨረር ክፍል ፊት ለፊት ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ሞልተዋል። ሰዎች ካርዳቸውን በፕላስቲክ አድርገው ይዘው፣ በስም ይጠሩ እንደሆነ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሦስቱ መጡ፦ ቦሰና ከፊት፣ ያቤጽ ከመካከል፣ ወንጌላዊ ዮአብ ከኋላ። የፈረቃ አለቃው አብሯቸው አልነበረም። ያቤጽ ጂቱን አያት፤ ሰላም ሳይላት አልፎ ወደ መስኮቱ ሄደ።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴት ካርዱን ተቀበለችው።

«ስም?»

«ያቤጽ ማንዶዬ።»

«ሕመሙ ምንድን ነው?»

ቦሰና ልትመልስ አፏን ከፈተች። ያቤጽ ክንዷን ያዝ አደረጋት። ወንጌላዊው መሬት መሬት ያይ ነበር።

«ካንሰር» አለ ያቤጽ። ድምፁ አዳራሽ የለመደ ነውና፣ ወንበሮቹ ላይ ያሉት ሁሉ ሰሙት።

«የምን?»

«የአንጎል።»

ሴትየዋ ቀና ሳትል ጻፈችው። «ለጨረሩ ጭንቅላትህን የሚይዘው ጭንብል የሚሠራልህ ዛሬ ነው፤ ጨረሩ ከነገ ወዲያ ይጀመራል። ቁጭ በሉ፣ እንጠራችኋለን።»

ያቤጽ ጂቱ በቆመችበት ግድግዳ በኩል ያለውን ክፍት ቦታ አልፎ፣ ወዲያ ጫፍ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ወንጌላዊው አጠገቡ ተቀመጠና የባጃጁን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ቦሰና ግን ወደ ጂቱ መጣች። ከቦርሳዋ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ አውጥታ ለሁለት ቆረሰችው።

«ተናዶብሻል» አለቻት፣ ግማሹን እየሰጠቻት። «ብዪ። ገና ብዙ እንጠብቃለን።»